ራሱን የቆሰለ

መጋዘኖቹ መጀመሪያ የቡና ነበሩ። ከጅማ ወደ ሰርቦ ሲኬድ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሦስት ረጃጅም የቆርቆሮ ቤቶች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ያሠራቸው የከተማችን ነጋዴ ነው፤ ባሌ በሕይወት ሳለ ልብስ ይሰፋለት ነበር። አብዮቱ መጣና ወረሳቸው። ጥቂት ዓመት የመንግሥት ቡና ተከመረባቸው። የሰሜኑ ጦርነት ሲበረታና የአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ሲሞሉ ቡናው ወጣ፤ አልጋ ገባ። በሩ ላይ "የጀግኖች ማገገሚያ ሆስፒታል" የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። የአካባቢው ሰው "ጀግኖች ጋ" ይለው ነበር።

ስለዚያ ቦታ ሲወራ ሰሌዳው የተሰቀለበትን ቀን የሚያነሱ አሉ። የማርሽ ባንድ መጥቶ ነበር፤ ሰንጋ ታርዶ ነበር ይላሉ። ይሆናል። እኔ ቦታውን የማውቀው በጓሮ በኩል ነው። አጣቢ ነበርኩ።

ሥራውን ያገኘሁት በልጄ ነው። በቾ ቦሬ ቀበሌ የዘማች ቤተሰብ ብሎ መዝግቦኛል። ልጄ ግን ወድዶ አልዘመተም። ሊሙ ገነት ያለችውን እህቱን ጠይቆ ሲመለስ ከመናኸሪያ ነው ያፈሱት። እህቱ ለእኔ የላከችውን ማር በጣሳ ይዞ ነበር። ማሩም አልደረሰኝም፤ እሱም አልደረሰም። በዓመቱ ቀበሌው ጠርቶኝ "የዘማች እናት ስለሆንሽ ሥራ ተገኝቶልሻል" አለኝ። ባሌ ሞቷል፤ የስፌት መኪናው ከቤት ወጥቷል። አልሐምዱሊላህ አልኩና ሄድኩ። ዛሬም አመሰግናለሁ፤ ያ ሥራ ባይኖር ልጄን አላገኘውም ነበር።

ብዙ ሰው የቡና ሽታ ደስ ይለዋል። እኔ ከዚያ ወዲህ አልወደውም። መጋዘኖቹ ታጥበው ነበር፤ ሽታው ግን ከግድግዳው አልወጣም። ፍራሹም ጆንያ ነው፤ ውስጡ የቡና ገለባ። ቁስለኛው ሲተኛበት መግሉና ሽንቱ ወደ ገለባው ይሰርጋል፤ ገለባው ይሞቃል፣ ይቦካል። ጠዋት በር ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ጠላ እንደ ደፉበት መቃብር ነበር። ይህን ስል እጅግ አጋንኜ አይደለም። የሞተ አይጥ የሸተተው ሰው ትንሽ ይገባው ይሆናል።

ከጓሮ አራት በርሜል ነበረን። የምናነደውም ያንኑ የቡና ገለባ ነው፤ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ፋሻ አይጣልም፤ ይታጠብና ይመለሳል። በርሜሉ ሲሞቅ ቅማሉ ላይ ላዩን እንደ ሰሊጥ ይንሳፈፋል። ፋሻው ሲፈላ ሥጋ የበሰለ ይመስላል፤ የአካባቢው ውሾች ከአጥሩ ውጭ ተሰልፈው ምራቃቸውን ያዝረበርቡ ነበር። እኔ በሳምንቱ ሥጋ መብላት ተውኩ። ረመዳን ሲገባ ለእኔ እረፍት ነበር፤ ምግብ ላለማየት ምክንያት አገኘሁ። ይህንንም ለማንም አልተናገርኩም። ጾምን እንዲህ ባለ ምክንያት መውደድ ያሳፍራል።

ደም ነጃሳ ነው። በደም የተነከረ ልብስ ለብሼ አልሰግድም። ስለዚህ ንጹሕ ቀሚስ በጨርቅ ጠቅልዬ ከበርሜሎቹ ርቆ ያለ ዋንዛ ላይ እሰቅላለሁ፤ ለውዱእ የሚሆን ውሃም በጣሳ ለብቻው አስቀምጣለሁ። ጓደኛዬ ከሸዋ የመጣች ክርስቲያን ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ አፏ ስለት ነው። ቀሚስ ስቀይር ባየችኝ ቁጥር ትስቅብኛለች።

"ሼኪቱ፣ ዛሬም ለሙሽርነት?"

"እትዬ፣ ተዪኝ።"

"እኔኮ ሲመሽ አንዴ አማትቤ እገባለሁ። አንቺ በቀን አምስት ጊዜ ታጥበሽ ቆዳሽ ሊያልቅ ነው። እግዜር ካልሸተተው ምን አስቸገረሽ?"

እየሳቀችብኝ ግን ጣሳዬን ሌላ ሰው እንዳይነካው የምትጠብቅልኝ እሷ ነበረች። አላህ ይስጣት።

የሆስፒታሉ የፖለቲካ ኃላፊ ወደ ጓሮ ሲመጣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይይዛል። ሽቶ የተነከረ ነው። ጓደኛዬ "መሐረቡ" ብላ ስም አውጥታለት ነበር። "መሐረቡ መጣ" ስትል ሁላችን አቀርቅረን እናጥባለን። አንድ ቀን ከበርሜሉ አጠገብ ቆሞ "እናንተ የአብዮቱ እጆች ናችሁ" አለን። ከዚያ እጃችንን አየና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

ሥራችን አንድ ሕግ ነበረው። ቁስለኛ ሲመጣ ልብሱ ይገፈፍና ለእኛ ይወረወራል። በርሜል ውስጥ ከመክተታችን በፊት ኪሱን እንፈትሻለን። ወረቀት ከተገኘ ለጸሐፊው ይሰጣል። ከግንባር የሚመጣ ቁስለኛ ትንሽ ወፍራም ካርድ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ስሙ፣ ክፍሉ፣ የት እንደቆሰለ ይጻፍበታል። አንዳንዱ ካርዱን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ አንዳንዱ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል።

አንድ ማለዳ ሁለት የጭነት መኪና ሙሉ መጡ። ሦስት ቀን መንገድ ላይ ነበሩ አሉ። ልብሱ እንደ ቆዳ ደርቋል፤ ሲላቀቅ ይንሿሿል። ከአንዱ ሸሚዝ ኪስ ካርድ አወጣሁ። የተጻፈው በዚያ ሲረጥብ ወይን ጠጅ ቀለም በሚተፋ እርሳስ ነው።

እኔ የማነበው በዝግታ ነው። መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ ቀበሌ አዳራሽ ሄጄ ከልጆች ጋር ተቀምጬ ተምሬያለሁ። ስለዚያ መንግሥት ብዙ ክፉ አውቃለሁ፤ ፊደል ስላስቆጠረኝ ግን አመሰግናለሁ። እያንዳንዱን ፊደል በከንፈሬ እያልኩ አነበብኩ። መጀመሪያ የልጄን ስም። ቀጥሎ የአባቱን። ቀጥሎ የባሌን አባት ስም። ሦስቱም ገጠሙ። ከሥሩ "ራሱን የቆሰለ" ይላል። በአገራችን አማርኛ ራስ ጭንቅላት ነው፤ እጁን የቆሰለ፣ እግሩን የቆሰለ እንደሚባል። ጭንቅላቱን ተመትቷል ማለት ነው። ግን በሕይወት አለ፤ እዚህ መጥቷል። ካርዱን አጥብቄ ያዝኩት። እጄ እርጥብ ነበር።

"ምነው? ምን ሆንሽ?" አለች ጓደኛዬ።

"ልጄ ነው።"

"ሞተ?"

"መጣ።"

እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ቦታውን አስታወሰችና በእጇ ከደነችው።

እየሮጥኩ ወደ ጸሐፊው ሄድኩ። ወጣት ነው፤ ንጹሕ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ጥፍሩን ያስረዝማል። ካርዱን በሁለት ጣቱ ጫፍ ተቀበለኝ። አነበበ። ቀና ብሎ አየኝ።

"ይህ ምንሽ ነው?"

"ልጄ።"

"አዝናለሁ እማማ። ሦስተኛው መጋዘን ነው።"

ሦስተኛው መጋዘን ምን እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን። በሩ ላይ ዘብ አለ። ከግዳጅ ለማምለጥ ሲሉ እጃቸውን ወይም እግራቸውን በገዛ ጠመንጃቸው መቱ የተባሉ ወታደሮች የሚታሰሩበት ነው። ቁስላቸው መጨረሻ ላይ ይታጠባል። ከሻረላቸው ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ፤ እዚያ በጓዶቻቸው ፊት ይረሸናሉ ይባል ነበር። የተመለሰ ሰው ስላልነበረ ውሸት ነው ያለም አልነበረም።

"እሱ ለምን?" አልኩት።

"ይኸው። 'ራሱን ያቆሰለ' ይላል።"

"የቆሰለ ነው የሚለው።"

"ያቆሰለ ነው።" ካርዱን ወደ እኔ አዞረው።

አየሁት። 'የ' የነበረው ፊደል ላይ ቀለሙ ወደ ታች ፈስሶ እግር አብቅሏል። 'ያ' ሆኗል። የእኔ አውራ ጣት ያረፈበት ቦታ ነው። አውራ ጣቴን አየሁ፤ ወይን ጠጅ ነው።

"ቅድም 'የ' ነበር" አልኩ። "እኔ አንብቤዋለሁ።"

"ማንበብ ትችያለሽ?"

"መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ።"

"እኔ አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ" አለኝና መዝገቡን ገልጦ ጻፈ። ሲጽፍ አየሁት። 'ያ' አደረጋት፤ አሳምሮ፣ እግሯን አስረዝሞ።

ያን ቀን ለምን "ያረጠብኩት እኔ ነኝ" እንዳላልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ደንግጬ ነበር። የመንግሥት ወረቀት ነው፤ የወታደር ወረቀት ነው። ፈራሁ።

ሦስተኛው መጋዘን ለመግባት አንሶላ መያዝ በቂ ነበር፤ አጣቢን ዘብ አይከለክልም። ልጄ ከመጨረሻው ጥግ ነበር። በአንድ እግሩ ከአልጋው ብረት ጋር ታስሯል። ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ፋሻው ጠቁሯል። ዝንቡ ላዩ ላይ ነጥብ በነጥብ አርፏል፤ ባባርረውም የሚነሳው ግማሹ ነው። ጠጋ አልኩ። ከፋሻው ሥር፣ ከጆሮው ጀርባ፣ አንድ ነጭ ትል ወጥቶ ወደ አንገቱ ሲወርድ አየሁ።

ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን እውነት ነው። ተጸየፍኩት። ሁለት ዓመት በየሰላቱ የለመንኩትን ልጅ ሳገኘው መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ፊቴን ማዞር ነው። የሌላውን ሰው መግል በየቀኑ በእጄ እያሸሁ የራሴን ልጅ ማየት አቃተኝ። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ዞሬ ትሏን በጣቴ አነሳሁ።

"ሃርሜ" አለኝ። እናቴ ማለቱ ነው። ዓይኑን አልከፈተም።

"በምን አወቅኸኝ?"

"ሳሙና... ሳሙና ትሸቻለሽ።"

ንግግሩ ይንቀረፈፋል፤ ቃል ይጠፋበታል፤ አንዱን አማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሰዋል። ማን እንደመታው ጠየቅኩት። አያውቅም። ጉድጓድ ውስጥ ነበርን፣ ሸክላ ድስት እንደሚሰበር ያለ ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ እዚህ ነኝ አለኝ። ለራሱ ሊመሰክር የሚችል ልጅ አልነበረም።

ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ደግ ሰው ነበር። ሁሉም "ዶክተር" ይለዋል፤ እሱ ሁልጊዜ "ዶክተር አይደለሁም" ይላል። ፋሻውን ከፍቶ ሲያጥብ አጠገቡ ቆምኩ። ቁስሉ ከማጅራቱ ከፍ ብሎ፣ ከጭንቅላቱ በስተኋላ ነው። ለእሱ ብቻ እውነቱን ነገርኩት፤ አውራ ጣቴንም አሳየሁት። ቀለሙ ገና አልለቀቀም ነበር።

"እትዬ፣ ይህን ለሌላ ሰው ነግረዋል?"

"አልነገርኩም።"

"አይንገሩ። የወታደር ካርድ ደለዘች፣ ለልጇ ብላ ነው ይላሉ። ሁለታችሁም ትጠፋላችሁ።"

"ታዲያ ቁስሉን ያያሉ አይደል?"

ትሉን በመቆንጠጫ እያነሳ ጣሳ ውስጥ ይጥላል። "ቁስል ያያል የሚባለው ሐኪም ነው" አለኝ። "እነሱ የሚያዩት ወረቀት ነው። በሚመጣው ሐሙስ የቁስለኞቹን ጉዳይ የሚወስነው ቦርድ ይመጣል። እስከዚያ ላጥብለት። ሌላ የምችለው የለም።"

በቀን ሁለት ጊዜ አጠበለት፤ ግዴታው በሦስት ቀን አንዴ ነበር። አላህ ውለታውን ይክፈለው።

ሐሙስን መጠበቅ አልቻልኩም። ማክሰኞ መሐረቡ ቢሮ ሄድኩ። ጓደኛዬ "ቀሚስሽን ቀይሪ፣ እሱ ሽታ ነው የሚፈራው፣ ሰውማ ምኑ ነው" ስላለችኝ የሰላት ቀሚሴን ለብሼ ነበር። በሩ ላይ ቆምኩ።

"ጌታዬ..."

"ጌታ የለም እማማ። ጌታ ቀርቷል። ጓድ በይኝ።"

ቃሉ ከአፌ አልወጣልኝም። "ልጄ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሦስተኛው መጋዘን ገብቷል" አልኩት።

ነገሩን ቀድሞ ሰምቷል። መዝገቡን አስመጣ፤ ጣቱን መስመሩ ላይ አኖረ። "ራሱን ያቆሰለ።"

"ራሱን ይዩት። ኋላ በኩል ነው።"

"እኔ ሐኪም አይደለሁም።"

"ሰው ከኋላው ራሱን ይመታል?"

"ሊሞት ፈልጎ ስቶ ይሆናል።" መሐረቡን ከአፍንጫው አነሳ፤ ሊያስረዳኝ ፈለገ መሰለኝ። "ራስን መግደልም ክህደት ነው። ነፍሱ የግሉ አይደለችም፤ የእናት አገር ናት።"

ነፍስ የአላህ ናት ልል ነበር። ዋጥኩት። ጠረጴዛው ላይ ብስኩት ነበር፤ ከመዝገቡ አጠገብ። አንዱን አንስቶ እያላመጠ "እናትነትሽ ይገባኛል" አለኝ። ፍርፋሪው በልጄ ስም ላይ ወደቀ። እፍ ብሎ አባረረው። ከበርሜሉ ውስጥ ያየሁት ሁሉ እንደዚያ አላቅለሸለሸኝም።

ሐሙስ ቦርዱ መጣ። ሦስት ነበሩ፤ አለቃቸው ሸበቶ ሻምበል ነው፤ አንድ እግሩን ይጎትታል። ከመጋዘኖቹ ፊት ያለው የቡና ማስጫ ሲሚንቶ ላይ ጠረጴዛ ተዘረጋላቸው፤ ከቤት ውስጥ ሽታው አላስቀምጥ ብሏቸው ነው። ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ መሐረቡ ቆመ። ቁስለኞቹ በተራ ይቀርባሉ። አጣቢዎች የሲሚንቶውን ደም እንድናጸዳ ተጠርተን ነበር፤ መጥረጊያና ባልዲ ይዘን ከዳር ቆምን።

ከቀኑ እኩሌታ በኋላ ሦስተኛው መጋዘን ተከፈተ። ልጄን ሁለት ሰው ደግፈው አመጡት። ጸሐፊው አነበበ። ሻምበሉ ካርዱን ጠየቀ፤ ዓይኑ ላይ አስጠግቶ አየ።

"ይህ ወረቀት ረጥቧል።"

"ከግንባር እንደዚህ ነው የመጣው፣ ጓድ ሻምበል" አለ መሐረቡ።

ድሬሰሩ ከሩቅ አየኝ፤ ጭንቅላቱን በትንሹ ነቀነቀ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። ጓደኛዬ የቀሚሴን ጫፍ ያዘች። ዝም ብል ልጄ ይሄዳል፤ ብናገር ምናልባት ሁለታችን። ቢስሚላህ አልኩ።

"ያረጠብኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"አንቺ ማነሽ?"

"አጣቢ ነኝ። እናቱም ነኝ። ከኪሱ ሳወጣው 'የ' ይል ነበር። የቆሰለ። እጄ እርጥብ ስለነበር 'ያ' ሆነ።"

የመሐረቡ ፊት ተለዋወጠ። "ይህች ሴትዮ ማክሰኞ ቢሮዬ መጥታ ይህን አልነገረችኝም! ሰነድ..."

"ቆይ" አለው ሻምበሉ። ወደ እኔ ዞረ። "ይህን መናገር ምን እንደሚያመጣ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ ጌታዬ።"

ጌታዬ ማለቴን ማንም አላረመኝም። ሻምበሉ ድሬሰሩን ጠራውና ፋሻውን አስፈታው። ሦስቱም ከወንበራቸው ሳይነሱ አንገታቸውን አስግገው አዩ፤ አንደኛው ወዲያው ዞሮ ተፋ። መሐረቡ ግን አልተወም። "ጠመንጃውን ዛፍ ላይ አስደግፎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በእግር ጣቱ መሳብ ይችላል፤ እንዲህ ያደረጉ አሉ" አለ።

ሻምበሉ ሰለቸው መሰለኝ። ወደ እኛ አየና የእኔን መጥረጊያ አመለከተ። "አምጪው።"

ሰጠሁት። ለልጄ አስያዙት። "ጠመንጃ ነው በል" አለው ሻምበሉ። "እስቲ ማጅራትህን እንዴት እንደመታህ አሳየን።"

ልጄ ትእዛዝ ሲሰማ እግሩን ገጠመ። በሁለት እግሩ መቆም ያቃተው ልጅ ደረቱን ነፋ። መጥረጊያውን ወደ ትከሻው አነሳ፤ ወደ ኋላ ሊያዞረው ሞከረ፤ እጁ አልደረሰም። በግራ ያዘው፤ አልደረሰም። መሬት ላይ ተክሎ ጀርባውን ሊሰጠው ሲዞር መጥረጊያውም አብሮት ይዞራል፤ እሱም ይከተለዋል። የራሱን ጭራ እንደሚፈልግ ውሻ ሦስት ጊዜ ዞረ። በፋሻው ቦታ በኩል የተከፈተው ቁስል ፀሐይ ላይ ያበራል፤ ዝንቡም አብሮት ይዞራል። ከዚያ ወደቀ።

ሳቁ። ጸሐፊው መጀመሪያ ሳቀ፤ ዘቦቹ ተከተሉ፤ መሐረቡ በመሐረቡ ውስጥ ሳቀ። ሻምበሉም ፈገግ አለ። "ይህ ልጅ ማጅራቱን ማከክ አይችልም፤ እንዴት ይተኩሳል?" አለ። እንደገና ሳቁ።

በአራት በርሜል ስንት ነገር አጥቤአለሁ። እንደዚያ ሳቅ የገማ ነገር አላጋጠመኝም።

"ጻፍ" አለ ሻምበሉ። "ራስ የሚለውን ተወው። ጭንቅላቱን በል።"

ጸሐፊው ብዕሩን አነሳና ቆመ። ከልቡ ነው የጠየቀው። "ጭንቅላቱን የቆሰለ ወይስ ጭንቅላቱን ያቆሰለ፣ ጓድ ሻምበል?"

"'የ'! 'የ' በል፣ አንተ የተረገምክ!"

እንዲህ ሆኖ ልጄ በቦርድ ተሰናበተ። ለግዳጅ የማይበቃ ተባለ። ስለ ካርዱ ማንም አልጠየቀኝም፤ ሻምበሉ ቀዳዶ ባልዲዬ ውስጥ ጣለው። ያን ሰው አመሰግነዋለሁ። ልጄን አዙሮ አስቆበታል፤ ልጄንም አድኖታል። ሁለቱንም ያደረገው በአንድ እጅ ነው፤ እኔ ልለያቸው አልቻልኩም።

መሐረቡ ወደ እኔ መጣ። "አየሽ፣ አብዮቱ ስህተቱን ያርማል። አመስግኚ እንጂ።"

ሁሉም ያየኛል።

"አመሰግናለሁ ጓድ" አልኩት። ቃሉ ያን ቀን ወጣልኝ። አፌ ውስጥ የዝንብ ጣዕም ነበረው።

ከልጄ በኋላ ከሦስተኛው መጋዘን አራት ልጆች ቀረቡ። አንዱ የግራ እጁን ብብቱ ውስጥ ደብቋል። እነሱን መጥረጊያ ያስያዛቸው የለም፤ የእያንዳንዳቸው ነገር ፈጥኖ አለቀ። ምናልባት በእውነት ራሳቸውን አቁስለው ይሆናል። እኔ በልጅነታቸው አላውቃቸውም፤ እናቶቻቸው ግን እዚያ አልነበሩም። ቅዳሜ በመኪና ተወሰዱ። አንሶላቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ዱዓ አደረግሁላቸው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አላደረግሁም።

ልጄ ቁስሉ እስኪደርቅ በአንደኛው መጋዘን ቆየ። ድሬሰሩ ፋሻውን በፈታለት በማግስቱ ወደ ቤት ወሰድኩት። ክንዱን ይዤው ወደ ዋናው መንገድ ወጣን፤ ጥላ ሥር ቆመን ከሰርቦ የሚመጣ መኪና ጠበቅን። ፊቱ ሞልቷል፤ ንግግሩ ግን ያው ነው። መንገዱን እያየ፣

"ሃርሜ፣ ያን ቀን... ሰዎቹ በምን ነው የሳቁት?" አለኝ።

ያስታውሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

"በመጥረጊያው" አልኩት። "እጀታው ጠማማ ነበር።"

አሰበበት። "እውነት ጠማማ ነበር" አለና ሳቀ። በአንድ በኩል ብቻ የሚከፈት ሳቅ ነው፤ ሌላው ጎኑ አይታዘዘውም። ለሃጩ በአገጩ ወረደ። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩለት። በዚያው ነጠላ ዙሁርን ሰገድኩ፤ ሳልቀይረው። መኪናው እስኪመጣ ከመንገዱ ዳር፣ ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ብቻውን እየሳቀ።